ዶርሟ በግንባታ ለተከበበባት እህት

ጥያቄሽን አነበብኩት። ዶርምሽ በሦስት ጎን ግንባታ ነው፣ ማሽኑ ሳይነጋ ይነሳል፣ አቧራው ደብተርሽን ሸፍኖታል፣ ፈተናም እየደረሰ ነው። ዶርሙን ልልቀቅ ወይስ ልታገስ ብለሽ ጠይቀሻል።

መጀመሪያ «ትለምጂዋለሽ» ያሉሽን አትስሚያቸው። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ኖሬበታለሁ፣ አይለመድም። ሰው ለመድኩት ቢልም እንቅልፍ ላይ ሆኖ ልቡ ለድምፁ ምላሽ መስጠቱን አይተውም። ጠዋት የሚሰማሽ ድካም ከስንፍና የመጣ አይደለም።

1. ዶርሙን ከመልቀቅሽ በፊት ክፍል ለመቀየር ጠይቂ። ከማሽኑ ያለሽ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ይቀንሳል። የሕንፃው ሌላኛው ጎን ከሆንሽ ደግሞ ሕንፃው ራሱ ይከልልሻል። «ላይኛው ፎቅ ይሻላል» ሲሉሽ ቶሎ አትመኚ። የሳይቱ አጥር የሚከልለው ታችኞቹን ነው። ከላይ ያለው መስኮት ከማሽኑ ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። እኔን ያሳረፈኝ በኮሪደሩ ማዶ፣ ጀርባውን ለሳይቱ የሰጠ ክፍል ነው።

2. ድምፅ ያጠፋል ተብሎ የሚሸጠው ውድ ሄድፎን ለጄነሬተርና ለሚክሰር ጉርምርምታ ጥሩ ነው። ለጃክ ሀመር፣ ለፍሌክስ (ብረትና ብሎኬት መቁረጫ ማሽን) እና ለሚወረወር ፌሮ (የግንባታ ብረት) ግን ብዙም አይረዳሽም፣ ድምፃቸው ድንገተኛ ወይም ቀጭን ነውና። ከዚያ ይልቅ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ግዢ። ብዙ ሰው ግማሹን ብቻ ያስገባና «አይሠራም» ይላል። በጣትሽ አቅጥነሽ ጠቅልይው፣ በሌላኛው እጅሽ ጆሮሽን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጊ፣ አስገቢና እስኪያብጥ ያዢው። የክፍሉ ልጆች ግን ሁላችሁም በአንድ ሌሊት አትድፈኑ። የእሳት ማስጠንቀቂያውን የሚሰማ አንድ ሰው ይኑር። ይህን የምለው በምክንያት ነው፣ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

3. አቧራውን በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጊ። ኮንክሪትና ብሎኬት ሲቆረጥ የሚወጣው ዱቄት ሲሊካ (በአሸዋና በድንጋይ ውስጥ ያለ ማዕድን) አለበት። ሳንባ የሚጎዳው ክፍል በዓይን የማይታየው ደቃቁ ነው፣ መጥረጊያ መልሶ አየር ላይ ያወጣዋል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፣ የመስኮቱን ሥር በእርጥብ ፎጣ ዝጊ፣ ቀን ቀን አልጋሽን ሸፍኚ። ሳይቱ ሲቆርጥ ውሃ እንዲያርከፈክፍ መጠየቅ መብትሽ ነው። አስም ካለብሽ የሐኪም ወረቀት አውጪ፣ ክፍል ለመቀየር ከምንም በላይ ይሠራል።

4. ቢሮው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እስካሁን ያንገበግበኛል።

የዶርም ጉዳይ ወደሚይዘው ቢሮ ሄድን። የተቀመጡት ሴትዮ ከወረቀታቸው ቀና እንኳን ሳይሉ «የሚገነባው ለእናንተው ነው፣ ትንሽ ብትታገሡ ምን አለበት?» አሉን። ለእኛ! ሕንፃው ሲያልቅ እኛ ተመርቀን ሄደናል። ወደ ግንባታ ፕሮጀክት ክፍሉ ሂዱ ተባልን። እነሱ በዶርም ቢሮው በኩል ኑ አሉን። ከዚያ ዲኑ፣ ከዚያ ጸሐፊዋ፣ ከዚያ «በጽሑፍ አቅርቡ»። በጽሑፍ አቀረብን፣ ደብዳቤው ጠፋ። ያስገባነው ወረቀት ላይ የጻፍነው ስለ ጩኸት ብቻ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ለመኝታ ክፍል ያስቀመጠውን የ30 ዴሲቤል መጠን ሳይቀር ጠቅሰናል። ማንም አላነበበውም። ጩኸት ለነሱ የተማሪ ብሶት ነው።

አንድ ቀን ዶርሙን ዞሬ አየሁት። በጀርባ በኩል ያለው የአደጋ ጊዜ መውጫ በር ላይ አጥር ተተክሏል። አጥሩ ሥር ፌሮ ተከምሯል። በሩ ስንዝር ያህል ብቻ ነው የሚከፈተው። ያ ሁሉ ተማሪ ሌሊት እሳት ቢነሳ በአንድ ደረጃ ሊወርድ ነው። ግማሾቻችን ደግሞ ጆሯችንን ደፍነን ነው የምንተኛው። እጄ ተንቀጠቀጠ።

ያን ቀን ማታ አዲስ ደብዳቤ ጻፍን። አንድ ገጽ ብቻ። የመጀመሪያው መስመር ስለ መውጫ በሩ ነው። ፎቶ ከነቀኑ፣ የትኛው ብሎክ፣ የትኛው በር፣ ምን እንዲደረግ እንደምንፈልግ። ግልባጩን ለግቢው የደህንነት ክፍልና ለግንባታው አማካሪ መሐንዲስ አደረግነው። ደግሞ በእጃችን የቀረው ቅጂ ላይ «ደርሶናል» ብለው ካልፈረሙና ማህተም ካላደረጉ አንሄድም አልን። ይቺን አትርሺ። ማህተም ያለበት ወረቀት አይጠፋም።

ሳምንት ሳይሞላ መሐንዲሱ ራሱ መጣ። ፌሮው ተነሳ፣ አጥሩ ላይ ወደ ውጭ የሚከፈት በር ተሠራ። እሱ እዚያው እያለ የቀረውን ሁሉ አነሳንለት፣ ሰውየውም አዳማጭ ነበር። ጃክ ሀመርና ፍሌክስ ከነጋ በኋላ ብቻ እንዲነሳ፣ በፈተና ሳምንት ከባድ የማፍረስ ሥራ እንዳይኖር፣ ጎህ ሲቀድ ወደ ኋላ እየነዳ «ጲጥ ጲጥ» የሚለው ገልባጭ መኪና በሌላኛው በር እንዲገባ ተስማማን። ይህን ያደረግነው እኛ ተማሪዎች ነን። ሴትዮዋ በኋላ ማስታወቂያውን «ቢሮአችን ባደረገው ክትትል» ብለው ለጠፉት። እሺ፣ ይለጥፉት። በሩ ግን ተከፈተ።

5. ፎርማኑን ተዋወቂው። ከቢሮ ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ እሱ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው እሱ ነው። ደግሞም ስትጠይቂው ሰው አድርጎ ያናግርሻል። የሶሌታ (የፎቁ ኮንክሪት ወለል) ሙሌት ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቂው። ኮንክሪት መሙላት አንዴ ከተጀመረ መሃል ላይ አይቆምም። ከቆመ አሮጌው ከአዲሱ ጋር በደንብ አይያያዝም፣ መዋቅሩ ይደክማል። ስለዚህ የዚያን ቀን ቫይብሬተሩ (ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚያጠብቀው ማሽን) እስከ ሌሊት ሊጮህ ይችላል፣ ቁጣሽም አያስቆመውም። ቀኑን አስቀድመሽ ካወቅሽ ግን ጓደኛሽ ጋ ታድሪያለሽ ወይም ላይብረሪ ታመሻለሽ። እኛ ፎርማኑ የነገረንን በየሳምንቱ ኮሪደር ላይ እንለጥፍ ነበር።

አሁን ልልቀቅ ወይ ላልሽው። ቁፋሮውና መሠረቱ አልፎ ግድግዳ ላይ ከደረሱ የባሰው ጩኸት አልፎልሻል ማለት ነው። ክፍል ቀይረሽ ቆዪ። ገና ቁፋሮ ወይም ፓይል (ወደ መሬት የሚገባ የመሠረት ምሰሶ) ላይ ከሆኑና ፈተናው እዚያው ላይ ከወደቀ፣ ወይም አስም ካለብሽ፣ የምታርፊበት ካገኘሽ ለፈተናው ጊዜ ብቻ ውጪ። ከመውጣትሽ በፊት ግን የዶርም ቦታሽ እንደሚጠበቅልሽ በጽሑፍ ተቀበይ። በቃል «ችግር የለም» የተባለች ጓደኛዬ ስትመለስ አልጋዋ ላይ ሌላ ሰው አግኝታለች።

የጀርባ በራችሁን ግን ዛሬውኑ ሄደሽ ክፈቺው። ካልተከፈተ ፎቶ አንሺና እዚህ ጻፊልኝ፣ የኛን ደብዳቤ እልክልሻለሁ።