የሻገተ ለውዝ በልተናል፤ ጉበታችን ተጎድቶ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከሸዋ ሮቢት ገበያ ለውዝ ገዝቼ፣ ከገብስ ቆሎ ጋር እየቆላሁ ከአምስት ዓመት ልጄ ጋር ሁለት ሳምንት ስንቆረጥም ከረምን። ትናንት ላስቲኩ ስር የቀረውን ጥሬውን ሳየው አረንጓዴ አቧራ ለብሷል። ቆልቼዋለሁ፤ ግን ጉበት ይጨርሳል ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ። ከመድኃኒት ቤት ኬቶኮናዞል የሚባል የፈንገስ ኪኒን ገዝቼ አራት ቀን ወሰድኩ። ለልጄስ ግማሽ ግማሽ ልስጠው?

መልስ፦ አትስጪው! አንቺም ዛሬውኑ አቁሚ። እህቴ፣ ለጉበትሽ ፈርተሽ ጉበት የሚጎዳ ኪኒን ትውጫለሽ? የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 (እ.ኤ.አ.) የዚህ ኪኒን ፈቃድ ይታገድ ያለው በጉበት ጉዳት የተነሳ ነው። ደግሞ ሆድሽ ውስጥ የሚገደል ፈንገስ የለም። የሚያሰጋው ሻጋታው ለውዙ ላይ የሚተወው መርዝ ነው፣ አፍላቶክሲን ይባላል፤ የፈንገስ ኪኒን እሱን አይነካውም።

በይ አሁን ተረጋጊ። እንቅልፍ የነሳሽ ካንሰሩ መሆኑ ገብቶኛል። በሁለት ሳምንት ቆሎ የጉበት ካንሰር አይመጣም። የሚያሰጋው ለዓመታት ሲበላ ነው፣ በተለይ ሄፓታይተስ ቢ (ጉበት የሚያጠቃ ቫይረስ) ላለበት ሰው። ልጅሽ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ተከትቦ ከሆነ የሄፓታይተስ ቢው አብሮ ተሰጥቶታል፤ ካርዱን እዪው። ኬንያ ውስጥ በ2004 (እ.ኤ.አ.) 125 ሰዎች የሞቱት የዕለት ምግባቸው የሆነው በቆሎ ተበክሎ ነው፤ ጭብጥ ለውዝ ቆርጥመው አይደለም።

«ቆልቼዋለሁ» ያልሽውን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። የገዛ አክስቴም እንዲሁ ትላለች። ምጣዱ ሻጋታውን ይገድላል፣ መርዙን ትንሽ ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም። ማጠብም፣ ፀሐይ ላይ ማስጣትም፣ በርበሬ መለወስም አያጠፋውም። እንዲያውም ሲቆላ የሻጋታው ሽታ ይጠፋና ደህና ለውዝ ይመስላል፣ የኔ ጭንቀት እሱ ነው። ስለዚህ መልቀም ያለብሽ ሳይቆላ፣ ጥሬውን ነው። የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ ቀለሙ የተለየውን አውጪ። ጥቂቱን ለሁለት ክፈዪና መሃሉን እዪ፤ ከላይ ፍጹም ንጹሕ መስሎ ውስጡ ግራጫ ዱቄት የያዘ አለ። አፍሽ ውስጥ ከመረረሽ ትፊው፣ ነውር የለውም። ተፈጭቶ የሚሸጠውን ለሻይ ብለሽ አትግዢ፣ ምን እንደተፈጨ በምን ታውቂያለሽ? ከገዛሽ በኋላ ደግሞ ላስቲክ ውስጥ አፍነሽ አታስቀምጪው፣ አየር የሚያገኝ ደረቅ ቦታ ይሁን።

የዓይናችሁ ነጩ ቢጫ ከሆነ (በቀን ብርሃን እዪው፣ በአምፖል አይታይም)፣ ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ ወይም ሆድ ከተነፋ በዚያው ቀን ሆስፒታል። «የወፍ በሽታ ነው» ብለሽ ሥር ቀጥቃጭ ቤት ስትመላለሺ አንድ ሳምንት እንዳይሄድብሽ! አንቺ ግን ምንም ባይሰማሽም ኪኒኑን ወስደሻልና የጉበት ምርመራ አድርጊ፣ በዚያው ሄፓታይተስ ቢም ይታይልሽ።

የተረፈውን ለውዝ ጣይው። ለዶሮ እሰጠዋለሁ እንዳትዪ፤ ይህ መርዝ የታወቀው በ1960 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የተርኪ ዶሮዎች የተበከለ የለውዝ ፋጉሎ በልተው ካለቁ በኋላ ነው። ለላምም አይሆንም፣ በወተቷ ይመለስልሻል።