የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፖከሩ ስንት ሰዓት ያልቃል?

ጥያቄ፦ ለንደን የኮምፒውተር ሳይንስ 2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 21 ነው። በሳምንት አራት ምሽት የኦንላይን ፖከር ቱርናመንት እጫወታለሁ፤ መግቢያው አብዛኛውን ጊዜ 11 ፓውንድ ነው። ባለፉት 300 ውድድሮች ትንሽ አትርፌአለሁ። ነገር ግን የሰኞ ጠዋት ትምህርት ደጋግሞ ያመልጠኛል፣ ፕሮጀክቴም ወደ ኋላ ቀርቷል። ፖከሩን ሳልተው ትምህርቴን ማስተካከል እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ግን «አራት ምሽት» የሚለውን አቆጣጠር ይተዉት። አንድ የቱርናመንት ምሽት 20 ደቂቃም ሊሆን ይችላል፣ ሰባት ሰዓትም። በገንዘብ ጠረጴዛ (ቺፑ በቀጥታ ገንዘብ በሆነበት ጨዋታ) ላይ የሚጫወት ሰው ሲደክመው ቺፑን ይዞ ይነሳል። በቱርናመንት ግን ከተነሱ ብላይንዱና አንቲው (ጨዋታው ሲጀመር በግድ የሚቀመጡት መዋጮዎች) ቺፕዎን ይበላዋል። ከዚህም የሚብሰው ትርፉ ያለው መጨረሻው ላይ መሆኑ ነው። 500 ሰው በገባበት ውድድር 75 ያህሉ ይከፈላቸዋል፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ የመግቢያቸውን እጥፍ እንኳ ሳይደርሱ ይወጣሉ። ዋናው ገንዘብ ያለው የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ፣ በተለይም ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ነው። ስለዚህ የሚከፍልዎት ሌሊትና እንቅልፍዎን የሚወስደው ሌሊት አንድ ናቸው። «ዛሬ በጊዜ እወጣለሁ» የሚል ዕቅድ የሚሠራው ሲሸነፉ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዕቅዱን ከማብቂያው ወደ ኋላ ይሥሩት። ዕለታዊ ውድድሮች በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ስለሚጀመሩ፣ ያለፉትን አምስት ቀናት ውጤት ከፍተው እያንዳንዱ ስንት ሰዓት እንዳለቀ ይመዝግቡና በጣም የዘገየውን ይያዙ። ትምህርት ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚጀምር ከሆነ፣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ለመነሳትና ስምንት ሰዓት ለመተኛት ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ አልጋ ውስጥ መሆን አለብዎት። ከመጨረሻ ጠረጴዛ የተነሳ ሰው ደግሞ ወዲያው አይተኛም፤ ለዚህ አንድ ሰዓት ይቀንሱ። እንግዲህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል በኋላ ሊያልቅ የሚችል ውድድር በዚያ ምሽት አይመዘገቡም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ለሚቀመጥ ሰው የሚቀረው ዘጠኝ ሰዎች ሲሞሉ የሚጀመረውና አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጀው ትንሹ ውድድር ነው። እሱም አንዱ ብቻ። ተሸንፈው እንደገና ከገቡ የማብቂያ ሰዓቱ አብሮ ይገፋል።

የሰኞ ጠዋቱ ነገር የስንፍና ጉዳይ አይደለም። የኦንላይን ፖከር ትልልቅ ውድድሮች የተደረደሩት እሑድ ላይ ነው፤ የፖከርስታርስ «ሰንደይ ሚሊየን» እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በስሙም የእሑድ ነው። የሰኞ ጠዋት ትምህርት ያለው ተማሪ እሑድን መዝጋት አለበት፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ከሆነ ቅዳሜ ሌሊትም አይሆንም። ዓርብ ይቀራል፤ አንድ ረጅም ምሽት ለተማሪ ይበቃል። ለፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀር እሱም ይቁም።

ብዙዎች ጊዜ ለመቆጠብ ብለው ወደ ቱርቦ (ፈጣን ውድድር) ይዞራሉ። በቱርቦ ብላይንዱ በየ5 ደቂቃው ገደማ ስለሚጨምር ቺፕዎ ቶሎ ወደ 10 እና 15 ትልቅ ብላይንድ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ወይ ሁሉንም ማስገባት ወይ ካርታውን መጣል ነው። ጊዜው ያጥራል፣ የችሎታ ብልጫ ይጠብባል፣ የዕድሉ መናወጥ ይጨምራል። ከቱርቦ ይልቅ የውድድሩን ቁጥር መቀነስ ይሻላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ከ11ዱ ፓውንድ 1ዱ የድርጅቱ ነው እንበል። በእውነት 15 በመቶ የሚያተርፍ ጥሩ ተጫዋች ከአንድ ውድድር በአማካይ 1.65 ፓውንድ ያገኛል። አንዱ በአማካይ 2 ሰዓት ከፈጀ በሰዓት 83 ሳንቲም ገደማ ነው፤ አራት ጠረጴዛ በአንድ ጊዜ ቢከፍት 3.30 ፓውንድ። በእንግሊዝ ዕድሜው 21 ለሞላ ሠራተኛ ዝቅተኛው ክፍያ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 በሰዓት 12.21 ፓውንድ ነበር። ፖከሩን በበጀትዎ ውስጥ ከመዝናኛ ጋር እንጂ ከገቢ ጋር አይጻፉት።

300 ውድድርም ማስረጃ አይሆንም። 500 ሰው በሚገባበት ውድድር አንደኛው የመግቢያውን 90 እጥፍ ገደማ ስለሚወስድ፣ አንድ ድል መኖር አለመኖሩ ሒሳቡን ሁሉ ይገለብጠዋል። 15 በመቶ አትራፊ ከሆኑት ተጫዋቾች እንኳ ቢያንስ ሲሦ የሚሆኑት ከ300 ውድድር በኋላ ኪሳራ ላይ ሊገኙ ይችላሉ፤ በተቃራኒው ደካማ ተጫዋች ትርፍ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ከኪራይና ከትምህርት ክፍያ የተለየ፣ ቢያንስ 100 መግቢያ የሚሸፍን ገንዘብ ከሌለዎት (በእርስዎ መጠን 1,100 ፓውንድ) ወደ 3 ፓውንድ ውድድር ይውረዱ።

ጥያቄ፦ በሳምንት 6 ሰዓት የፖከር ማስተማሪያ ቪዲዮ አያለሁ፤ ጨዋታዬ ግን አልተለወጠም። ምን ላድርግ? (ከፊላደልፊያ)

መልስ፦ ማየት ማጥናት አይደለም። ስድስቱን ወደ ሁለት ሰዓት ይቀንሱ፤ ለሦስት ሰዓት ጨዋታ አንድ ሰዓት ጥናት ይበቃል። ሲጫወቱ የከበዱዎትን እጆች (የካርታ ዙሮች) ምልክት ያድርጉ፣ ከአምስት አይብለጡ። በማግስቱ ውጤቱን ሳያዩ መጀመሪያ ያሰቡትን ይጻፉ፣ ቀጥሎ ያስሉ። ለምሳሌ ትልቁን ብላይንድ ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት፤ አንዱ ወደ 2 ብላይንድ ከፍ አደረገ። መሐል ላይ የእሱ 2፣ የትንሹ ብላይንድ 0.5፣ የእርስዎ 1 እና የአንቲው 1፣ በድምሩ 4.5 አለ። ለመቆየት የሚጨምሩት 1 ስለሆነ የሚያስፈልግዎት የማሸነፍ ዕድል 1 ሲካፈል ለ5.5፣ ማለትም 18 በመቶ ገደማ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ይጥላቸው የነበሩ ብዙ ካርታዎችን ይይዛል። ሁለት ሳምንት በዚህ በአንዱ ርዕስ ላይ ብቻ ይቆዩ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። አውሮፓ ያለ ጓደኛዬ በስሙ በከፈተው አካውንት፣ በቪፒኤን እየገባሁ ልጫወት?

መልስ፦ አይጫወቱ። አካውንቱ ላይ መጫወት የሚችለው ባለስሙ ብቻ ነው። ትንሽ ገንዘብ ሲያወጡ ድርጅቱ ዝም ሊል ይችላል፤ ትልቅ ድል ሲመጣ ግን መታወቂያና የአድራሻ ማስረጃ ይጠየቃል፣ የገቡበት ቦታም ይመረመራል። ያኔ ገንዘቡ ይታገዳል፣ ጓደኛዎም አካውንቱን ያጣል።

ጥያቄ፦ ማንችስተር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ የዕቁብ ገንዘቡን በፖከር ጨርሶ እኔን ብድር ጠየቀኝ። ልስጠው?

መልስ፦ በእጁ አይስጡት። ዕዳውን ለመክፈል ከወሰኑ በቀጥታ ለዕቁቡ ሰብሳቢ ይክፈሉ። እሱ ራሱ በጋምስቶፕ (ሰው ራሱን ከኦንላይን ቁማር የሚያግድበት አገልግሎት) በነፃ ይመዝገብ፤ 6 ወር፣ 1 ዓመት ወይም 5 ዓመት መርጦ በታላቋ ብሪታንያ ፈቃድ ካላቸው የኦንላይን ቁማር ድርጅቶች ሁሉ ይታገዳል፤ ጊዜው ሳይሞላ መሰረዝ አይቻልም። ፈቃድ የሌላቸውን ድረ ገጾች ግን ስለማይሸፍን፣ በባንኩ መተግበሪያ ላይ የቁማር ክፍያ ማገጃውንም ያብራ። የምዝገባውን ማረጋገጫ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩት። የጋምኬር (በቁማር ለተቸገሩ የሚረዳ ድርጅት) የስልክ መስመር 0808 8020 133 ነፃ ነው፤ ሌት ተቀን ይሠራል፣ የቤተሰብ አባል ስለሆኑ እርስዎም መደወል ይችላሉ።