በፈረንጆች ገና ቪየና ለብቻ፦ ለጠየቅሽው እህት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ከዲሴምበር 21 ቀን 2026 እስከ ጃንዋሪ 2 ቪየና ለብቻሽ ልትከርሚ ነው። «ሁሉም ነገር ይዘጋል ይሉኛል፣ ጾም ላይ ነኝ ምን ልብላ፣ ምን ልልበስ፣ ደግሞስ አይደብረኝም ወይ?» ብለሻል። እኔ በዚሁ ሰሞን ሁለት ጊዜ እዚያው ከተማ ብቻዬን ከርሜያለሁ። የመጀመሪያው ጉዞዬ ብዙ ስላስተማረኝ ከሱ ልጀምር።

የደረስኩት ዲሴምበር 24 ከሰዓት በኋላ ነበር። ሻንጣዬን አስቀምጬ የሚበላ ልገዛ ብወጣ ሱቁ ሁሉ ጨልሟል። በዚያ ቀን የኦስትሪያ ሱቆች ቢዘገዩ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ነው የሚሠሩት (እነሱ 14:00 ይሉታል፤ ስልክሽን ከአሁኑ ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር ቀይሪው)። 25 እና 26 ሁለቱም የሕዝብ በዓል ናቸው። የዚያን ዕለት ራቴ ከአውሮፕላን የተረፈ ዳቦና ከቤት የያዝኩት ቆሎ ነበር። ያንቺ ዓመት ደግሞ ይብሳል። 25 ዓርብ፣ 26 ቅዳሜ ይውልና 27 እሁድ ይሆናል፤ እሁድ ደግሞ እዚያ ሱፐርማርኬት ዝግ ነው። ሦስት ቀን ተኩል ማለት ነው። ስለዚህ ግዢሽን በ23 ጨርሺ፤ ወደ 24 አታሳድሪው። በትልልቅ ባቡር ጣቢያዎች ውስጥ በበዓልም የሚከፍቱ ሱፐርማርኬቶች አሉ፤ እኔንም በማግስቱ ያተረፈኝ የፕራተርሽተርን ጣቢያ ነው። ሰልፉ ግን ረጅም ነው፣ የሚፈለገውም ነገር ቶሎ ያልቃል። ማረፊያ ካልያዝሽ ኩሽና ያለው ምረጪ። ስለ ውሃ አታስቢ፤ ከአልፕስ ተራሮች ምንጭ የሚመጣ ስለሆነ የቧንቧውን ጠጪ።

ጾሙን በተመለከተ፣ የእነሱ ገና በእኛ ታኅሣሥ 16 ነው፤ ጾመ ነቢያት ገና አላለቀም። «ሥጋ አልበላም» ካልሻቸው አይብና እንቁላል ነው የሚያቀርቡልሽ። «ቪጋን» በያቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል፤ ዕቃም ስትገዢ ማሸጊያው ላይ ይህንኑ ቃል ፈልጊ። ሾርባ ሳትጠይቂ አትዘዢ፤ የአትክልት የተባለውም በሥጋ መረቅ የተሠራ ሊሆን ይችላል። መንገድ ዳር ማሮኒ የሚሉት፣ በእሳት እየተጠበሰ በወረቀት ከረጢት የሚሸጥ ፍሬ አለ። ጣዕሙ ወደ ስኳር ድንች ይጠጋል፤ ትኩሱን ስትይዢው እጅሽንም ያሞቅልሻል። የኔ ምሳ ብዙ ቀን እሱ ነበር። ከቤት ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ ያዢ። ቅቤና ቋንጣ ግን ተይ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ጉምሩክ ካገኘብሽ ይወስደዋል፣ ሊያስቀጣሽም ይችላል።

ብርዱ የሚፈራውን ያህል አይደለም። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው፣ በረዶም ብዙ ጊዜ አይጥልም። እኔን ያስቸገረኝ ነፋሱና ጨለማው ነው፤ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። ቤቱም ትራሙም ማሞቂያ ስላለው አንድ ወፍራም ልብስ ከምትለብሺ ስስ ስሱን ደራርበሽ ልበሺ፣ ሲሞቅሽ ታወልቂያለሽ። ካፖርቱን ከሳልቫጅ ብትገዢ ይበቃሻል፤ ገንዘብሽን የማያንሸራትት ጫማ ላይ አውጪው። የራስ ምታት መድኃኒትሽን ከዚሁ ያዢ። እዚያ ፓራሲታሞል እንኳ ከፋርማሲ ውጪ አይሸጥም፤ በበዓል ደግሞ ተረኛ ፋርማሲ መፈለግ ሊኖርብሽ ነው። የተረኛው አድራሻ በተዘጋው ፋርማሲ በር ላይ ተለጥፎ ታገኚዋለሽ።

አሁን «አይደብረኝም ወይ» ወዳልሽው ልምጣ። 24 ማታ ከባድ ነው፣ አልዋሽሽም። የእኛ በዓል በሩ ክፍት ነው፤ ጎረቤት ይገባል፣ ቡና ይጠራል። የእነሱ ገና ግን የቤተሰብ ነው፤ ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባና በሩን ይዘጋል። ከተማው ጸጥ ሲል የሚቀረው መንገደኛው ብቻ ነው። እኔ ያን ምሽት አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ የቤተሰቦቼን ፎቶ ሳይ ሆዴ ባባ። ከዚያ ተነሣሁና ወጣሁ። ትራምና የምድር ውስጥ ባቡር በበዓልም ይሠራል (ለንደን ብትሆኚ ኖሮ በ25 አውቶቡስም ባቡርም የለም)። ሽቴፋን ካቴድራል ገብቼ ከኋላ ቆምኩ። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ከሚሉት አንድም አልገባኝም፤ መዘምራኑ «ኪርዬ ኤሌይሶን» ሲሉ ግን ደነገጥኩ። በሰሙነ ሕማማት ስንሰግድ የምንለው ኪርያላይሶን ነው! ዕንባዬ መጣ። ከዚያ በኋላ ባዶውን ከተማ በእግሬ ስዞር ብቸኝነት አልተሰማኝም። አንቺም ካቴድራሉ ባይሆን ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ፤ ብቻ ክፍልሽ ውስጥ አትዋዪ።

በ25 ሾንብሩን ቤተ መንግሥት ክፍት ነው፤ በዓል ብሎ አይዘጋም፣ ትኬቱን ግን አስቀድመሽ በኢንተርኔት ግዢ። ከገና ገበያዎቹ ብዙዎቹ 23 ወይም 24 ላይ ያበቃሉ፤ የማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ገበያ እስከ 26 ይቆያል። ስለዚህ የገበያውን ዙረት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ጨርሺው።

አዲስ ዓመት ፍጹም ሌላ ነው፤ ያኔ ሰው ሁሉ ደጅ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ፑመሪን የሚባለው የካቴድራሉ ትልቁ ደወል ይደወላል። 20 ቶን ገደማ ይመዝናል። በ1711 ከቱርክ መድፎች የተሠራው በ1945 ተሰባብሮ፣ ከስባሪው በ1951 እንደገና የተቀለጠ ነው። ደወሉ እንዳበቃ ዋልስ የሚሉት የጥንድ ጭፈራ ሙዚቃ ይከፈታል፣ የማይተዋወቅ ሰው መንገድ ላይ ተያይዞ ይጨፍራል። ርችት ስለሚበዛ ከሰው ጭንቅንቅ ትንሽ ራቅ በይ፤ ባቡሩ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራ ስለ መመለሻ አትጨነቂ። በጃንዋሪ 1 ጠዋት የሚቀርበው የታወቀው የቪየና ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ኮንሰርት ትኬት በዕጣ ነው የሚገኘው፣ ያውም ከወራት በፊት። ነገር ግን ማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ላይ በትልቅ ስክሪን በነፃ ይታያል።

የሆቴል ቡኪንግሽን፣ የመመለሻ ትኬትሽንና ኢንሹራንስሽን አትሚና በእጅ ቦርሳሽ ያዢ፤ ድንበር ላይ ይጠይቁሻል።

በ2 ስትመለሺ ለእኛ ታኅሣሥ 24 ነው። ያንን ቅቤ ለእናትሽ ተይላቸው፤ በ29 ለገናው ዶሮ ትደርሺበታለሽ።