ድዴ ሲደማ ብሩሹን ተውኩት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ነዎት? 33 ዓመቴ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሒሳብ ሠራተኝነት እሠራለሁ። ችግሩ ከጀመረኝ አምስት ወር ሆነው። ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ ምራቄ ቀይ ይሆናል። በቀደም ደግሞ ቢሮ ውስጥ ዳቦ ገምጬ ሳየው የጥርሴ ምልክት ላይ ደም አለ። አጠገቤ ያለችው ልጅ አይታ ዝም አለች። በጣም አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ የሚደማውን ቦታ በብሩሽ መንካት ተውኩ፤ በጣቴ በጨው እያሸሁት ነው። አንድ ፋርማሲ ሄጄ ስነግራቸው አሞክሳሲሊን ሰጡኝ። ስወስደው ትንሽ የተሻለኝ መሰለኝ፣ ስጨርስ ያው ሆነ። እናቴ "ቪታሚን አንሶሽ ነው፣ ብርቱካን ብዪ" ትለኛለች። አያቴ ድዷን የተነቀሰች ናት፤ "እኔ ከተነቀስኩ ወዲህ ደምቶኝ አያውቅም" ትላለች። ጥርስ ማሳጠብ ደግሞ ጥርስ ያነቃንቃል ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ። ምን ይሻለኛል?
ከስድስት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ "በብሩሽ መንካት ተውኩ" ያልሽው ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። የሚደማውን ቦታ ዛሬ ማታ መልሰሽ ቦርሺው። በለስላሳ ብሩሽ፣ በቀስታ፣ ግን ሳትዘዪው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ስስ የባክቴሪያ ልባስ ይጋገራል። ፕላክ እንለዋለን። ጠዋት ስትነሺ ምላስሽን ጥርስሽ ላይ ብታስኬጂው የሚሰማሽ እሱ ነው። ይህ ልባስ በየቀኑ ካልተነሳ ድድ ይቆጣል፣ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ትንሽ ሲነካም ይደማል። ሰው ደሙን ሲያይ ፈርቶ መቦረሽ ይተዋል። ልባሱ ይወፍራል፣ ድዱ የባሰ ይደማል። አንቺም እዚህ አዙሪት ውስጥ ገብተሻል።

ይህ በጥናት የታየ ነገር ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ኦርሁስ ውስጥ ሃራልድ ሎ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ጤነኛ ድድ ያላቸው 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በአንድ ሳምንት ገደማ ዳነ። እኔ ይህን ለታካሚዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ለሁለተኛው ክፍል ስል ነው። የተቆጣ ድድ ይመለሳል።

ፒያሳ በምሠራበት ክሊኒክ እንዳንቺው የፈራች ወጣት መጥታ ነበር። በቀን ሁለቴ እንደምትቦርሽ ነገረችኝ፤ አምኛታለሁ። ጥርሷን ልባሱን የሚያሳይ ቀለም ቀባሁላትና ተጉመጥምጣ መስታወት ሰጠኋት። ከፊት ነጭ ነው። ምላሷን ወደ ላይ አንስታ የታችኞቹን የፊት ጥርሶች ጀርባ ስታይ ግን ከዳር እስከ ዳር ሐምራዊ መስመር አለ። ከመስመሩ ሥር ቢጫ፣ ሸካራ ነገር ተጋግሯል። በጥፍሯ ነካችው። "ዶክተር፣ እኔ እኮ ይሄ ጥርሴ መስሎኝ ነበር" አለችኝ። የጥርስ ድንጋይ ነበር። ከምላስ ሥር የሚወጣው ምራቅ ውስጥ ካልሲየም ስላለ ልባሱ እዚያ ቶሎ ይደነድናል። አንቺም ዛሬ ማታ መብራት ይዘሽ እዚያ ቦታ እዪ። ከላይ ደግሞ የመንጋጋ ጥርሶች የጉንጭ በኩል።

ድንጋዩን ብሩሽም ሆነ ጨው አያነሳውም። ማሳጠብ ግድ ነው። ጥርስ ያነቃንቃል የሚባለው ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ድንጋዩ በጥርሶችሽ መሃል ያለውን ክፍተት ሞልቶት ይቆያል። ሲነሳና የድዱ እብጠት ሲቀንስ ክፍተቱ ይታያል፣ ለጥቂት ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ጥዝ ያደርጋል። ሰው ይህን ሲያይ "አነቃነቁብኝ" ይላል። ጥርስን የሚያነቃንቀው ግን ከድድ በታች የተበላ አጥንት ነው። ቁጣው ወደ አጥንት ከወረደ የተበላው በራሱ ተመልሶ አይበቅልም፤ ሕክምናው ባለበት እንዲቆም ማድረግ ነው። ስለዚህ ስትሄጂ "ኪሱን ለኩልኝ" በዪ። በቀጭን መለኪያ በጥርስና በድድ መሃል ያለውን ጥልቀት ይለካሉ። እስከ 3 ሚሊሜትር ጤነኛ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ክትትል ይፈልጋል።

አሞክሳሲሊኑ ልባሱን ስለማያነሳው ነው ስትጨርሺ ያው የሆነው። ሁለተኛ በራስሽ አትግዢ። ጨው በጣት ማሸቱንም ተዪው፤ የቆሰለ ድድ ላይ ፍርፋሪው ያቆስላል። ለብ ባለ ውሃ በጥብጠሽ መጉመጥመጥ ግን ጉዳት የለውም። እናትሽ ያሉት ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም፤ ቪታሚን ሲ በጣም ሲጎድል ድድ ይደማል። ግን ያ የሚመጣው አትክልትና ፍራፍሬ ለወራት ላልነካ ሰው ነው። ቃሪያና ጎመን የምትበዪ ከሆነ ችግርሽ እዚያ አይመስለኝም።

የአያትሽ ንቅሳት ጌጥ ነው፣ እኔም ሳየው ደስ ይለኛል። ነገር ግን ቀለሙ ልባሱን አያነሳም። እንዲያውም የጠቆረ ድድ ሲቆጣ መቅላቱ አይታይም። ባልጸዳ መርፌ መነቀስ ደግሞ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ይችላል። አያትሽን እስቲ ጠይቂያቸው፤ መፋቂያ ከአፋቸው ይጠፋ ነበር? የወይራ መፋቂያ ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ሲለሰልስ፣ በቀስታ ከተያዘ በደንብ ያጸዳል። የድዳቸው ምስጢር እሱ ይመስለኛል።

አቦራረሽሽን እንዲህ አድርጊው። "ሶፍት" የሚል ብሩሽ ግዢ። ፀጉሩ ግማሹ ጥርስ ላይ፣ ግማሹ ድድ ጠርዝ ላይ እንዲያርፍ አዘንብለሽ ያዢው። እዚያው ትንንሽ እያንቀጠቀጥሽ ሁለት ሦስት ጥርስ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። እንደ ድስት አትፈትጊው። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ሳሙናው ፍሎራይድ ያለው ይሁን፤ ስትጨርሺ ትፊው እንጂ በውሃ አትጉመጥመጪ። ማታ ከመተኛትሽ በፊት ያለው ከሁሉም ይበልጣል፣ ምክንያቱም ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳል። ጾም ላይ ነኝ ብለው ጠዋት የማይቦርሹ ታካሚዎች አሉኝ፤ እነሱንም ማታውን አደራ እላቸዋለሁ። በጥርሶች መሃል ክር ተጠቀሚ። ስቴኪኒ ሥጋ ያወጣ ይሆናል፣ ልባስ ግን አያጸዳም፤ ድድም ይወጋል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም ታያለሽ። አትደንግጪ። ከታጠብሽና በደንብ ከቦረሽሽ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀነሰ መሄድ አለበት። ካልቀነሰ ተመለሺ። ሳትነኪው ከፈሰሰ፣ ሰውነትሽ ላይ ያለ ምክንያት ሰማያዊ ምልክት ከወጣ፣ ወይም ትኩሳትና ድካም ካለሽ ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፤ የደም ምርመራ ያስፈልግሻል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ድዷ አብጦ ይደማል። ጥርስ ሐኪም ጋ ብወስዳት ጽንሱን ይጎዳዋል ብዬ ሰጋሁ።
ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ውሰዳት። በእርግዝና ጊዜ ሆርሞን ስለሚጨምር ድድ ለትንሿ ልባስ እንኳ አብዝቶ ይቆጣል። ማሳጠብ ጽንሱን አይጎዳም፤ አምስተኛው ወር እንዲያውም ለሕክምናው የሚመች ጊዜ ነው። ስትገቡ እርጉዝ መሆኗንና የምትወስደውን መድኃኒት ንገሯቸው። የስኳር ምርመራ ካላደረገች በእርግዝና ክትትሏ ላይ ጠይቁ፣ ስኳርና የድድ ሕመም አንዱ ሌላውን ያባብሳሉ። የሚያስመልሳት ከሆነ ወዲያው አትቦርሽ፤ በውሃ ተጉመጥምጣ ግማሽ ሰዓት ትቆይ። ብሩሹ አፏ ውስጥ ሲገባ የሚያቅለሸልሻት ከሆነ ደግሞ ትንሽ ብሩሽ ግዛላት፤ የልጅ ብሩሽም ይሆናል።