መለኪያ ዘንግ የሌለው ካምቢዮ

ጥያቄ፦ የ2013 ራቭ ፎር አለኝ፣ ካምቢዮው ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስመለስ ደንገጎ ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀይር ይመታል። የካምቢዮ ዘይቱን ልለካ ብል ዘንግ የለውም። ምን ላድርግ? ከሐረር

መልስ፦ እህቴ፣ ዘንግ ባይኖረውም መለካት ይቻላል። እኔ ድሬ ከዚራ አካባቢ ስሠራ ለዚህ ሥራ መኪና የምቀበለው ጠዋት ብቻ ነው። ምክንያቱም ሙቀት ነው። ልኩ የሚታየው ዘይቱ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ሲሆን ነው። ዘይት ሲሞቅ ያብጣል። የድሬ ፀሐይ የመታውን፣ ዳገት ወጥቶ የመጣውን መኪና ወዲያው ቢከፍቱት ዘይቱ ይፈሳል። ሙሉ ነው ብለው ይዘጉታል፤ ሲበርድ ግን ጎዶሎ ነው። አንዴ እኔም በዚህ ተሳስቼ የሰው መኪና ዳግም ፈትቻለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

መኪናው ፎሳ (ከሥር መሥሪያ ጉድጓድ) ላይ፣ አራቱም ጎማ እኩል ይሁን። በክሪክ ከፊት ብቻ ማንሳት ልኩን ያዛባል። ሞተሩ እየሠራ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሹን ከፒ እስከ ዲ ቀስ ብሎ ማዞር፣ ከዚያ ወደ ፒ መመለስ። የዘይቱን ሙቀት በመኪና መመርመሪያ ኮምፒውተር ያንብቡ፣ በእጅ ዳሰሳ አይሆንም። ከዚያ ከካምቢዮው ሥር ያለው ቡሎን ይፈታል። ውስጡ ቀጭን ቱቦ አለ፤ እሱ አይነካ፣ ከተፈታ ዘይቱ ይወርዳል። ጠብ ጠብ ካለ ልክ ነው። ምንም ካልወጣ ጎድሏል፤ በጎን ካለው ቀዳዳ ይጨመር። ዘይቱ ደብሊው ኤስ (WS) የሚባለው የቶዮታ የካምቢዮ ዘይት ይሁን፣ ሌላ አይቀላቀል።

ጎድሎ ከተገኘ መጀመሪያ የት እንደሚያፈስ ያስፈትሹ። የአክስል ጎሚኒዎቹን (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዙትን) አስቀድመው ያሳዩ።