መልስ፦ ዳገት ላይ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን፣ ቁልቁለት ላይ የሚደፋ ሞተር

ሞተር ሳይክሌ ዳገት ላይ አልጎትት፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፊቱ እየተደፋ አስቸገረኝ ብለህ ለጠየቅኸው መልሴ ይኸው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጣ ሞተርህ እየጮኸ ፍጥነት የማይጨምረው ፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ኃይል ከጎማው ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል) እየተንሸራተተ ነው። አዲስ የፍሪሲዮን ሸራ ከመግዛትህ በፊት የፍሪሲዮኑን እጀታ በጣትህ ነካ አድርገው። ጫፉ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ካልተላወሰ ኬብሉ ተወጥሯል፤ አላላው።

በዚያው መንገድ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ፊቱ የሚደፋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የፊት ሾኩ ዘይት ጎድሎ ወይም አርጅቶ ነው። የሚያብረቀርቀው ቱቦ ላይ የዘይት ቀለበት ካየህ ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ ያፈሳል፣ ቀይረው። ከዚያ የሾኩን ሞላዎች አውጣ፣ ሾኩን እስከ ታች ጫንና ዘይቱ ከአፉ ምን ያህል እንደራቀ ለካ። ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት።

አደራ፣ ፍሪሲዮኑ የሚሠራው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነውና የመኪና ዘይት እንዳትጨምር! እኔ ቸኩዬ ጨምሬ አዲሱ ሸራ ወዲያው መንሸራተት ጀመረ። ለባለ 4 ምት ሞተር ከሆነ ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA፤ ዘይቱ ለሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን እንደሚስማማ የሚያሳይ ምልክት) የሚለውን ግዛ።