«ያንጸባርቃል» ወይስ «ይፈካል»?

አንድ አንባቢ፣ በዱቄት ሳሙና የታጠበ ነጭ ሸሚዝ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሰማያዊ ብርሃን ሲሰጥ «አንጸባረቀ» ማለት ይቻል እንደሆነ ጠይቀውኛል።

አይቻልም፤ ቢያንስ በእኔ ብዕር አይቻልም። አንጸባረቀ የሚባለው እንደ መስተዋትና እንደ ተወለወለ ብረት ያረፈበትን ብርሃን እንዳለ የሚመልስ ነገር ነው። ከሳሙናው ጨርቁ ላይ የሚቀረው አድማቂ ቅመም ግን ዐይናችን የማያየውን፣ የሞገድ ርዝመቱ 365 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን ጨረር ይውጣል፤ ከጉልበቱ ከፊሉ ወደ ሙቀት ይለወጥና የተረፈው በረዘመ ሞገድ፣ 430 ናኖሜትር ገደማ፣ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። የገባውና የወጣው ከተለያዩ ነጸብራቁ የቱ ላይ ነው? እርግጥ እኔ በዚህ ግስ ውስጥ በረቀንና መብረቅን እሰማለሁ («ጸ» ከየት እንደ መጣች ሌሎች ይከራከሩ)፤ መብረቅ ደግሞ የራሱን ብርሃን ስለሚያወጣ ይህ ሥር ክርክሬን እንደሚጎዳው አውቃለሁ።

ሸሚዙ ለሚያሳየው ለዚህ ክስተት የተሰጠውን ባዕድ ቃል፣ «ፍሎረሰንስ»ን፣ ሥሩን ተከትለን እንተርጉም የሚሉም አሉ። የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ስቶክስ በ1852 እ.ኤ.አ. «ፍሎረሰንስ» ያለው ፍሎራይት ከተባለው ማዕድን ወስዶ ነው፤ የማዕድኑም ስም መፍሰስን ከሚያመለክት የላቲን ግስ የተገኘው ማዕድናት ሲቀልጡ በቀላሉ እንዲፈስሱ ስለሚረዳ ነው። ታዲያ ሸሚዙ «ፈሰሰ» ልንል ነው?

የእኔ ምርጫ «ፈካ» ነው። አበባ ይፈካል፣ ፊት ይፈካል፤ ከሁሉ የሚስማማኝ ግን ፈንዲሻው ነው፤ የማይታየውን ሙቀት ወደ ውስጥ ወስዶ በሌላ መልክ፣ ነጭ ሆኖ ይወጣልና። «ፈካ ያለ ሰማያዊ» ስንል ነጣ ያለውን ቀለም ማለታችን ስለሆነ ተማሪን ያሳስታል የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው፤ እኔን ግን አላሳመነኝም። ሕዝቡ «አበራ» ማለትን እንደ መረጠ፣ ለአምፖሉም ለሸሚዙም አንድ ግስ እንደ በቃው ሳልወድ እቀበላለሁ።

መብራቱ ከጠፋ በኋላም በጨለማ ለሚታየው የሰዓት ቁጥር «ፈክቶ ቆየ» እላለሁ። ፀሐይ ሲያገኘው የሚጠቁረው መነጽር ግን ከዚህ ወገን አይደለም፤ ጨረሩ በውስጡ ያሉትን ሞለኪውሎች ቅርጽ ይለውጣል እንጂ ብርሃን አያስወጣቸውም፤ ስለዚህ «ጠቆረ» ይበቃዋል።